ለየሻረግ የተዘጋጀ ጉዞ

በ2007 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት፣ ዳንግላ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የእነየሻረግ ቤት፣ ዶሮው ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ ምንይችል ጉሮሮውን ጠረገ። ምንይችል የየሻረግ ታናሽ ወንድም ነው፤ እንጅባራ አንድ የዞን መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራል። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ ማለት ንግግር አለ ማለት ነው።

“እንደሚታወቀው” አለ፣ “እታለም ከቤቷና ከስፌት ቤቷ ውጭ የትም ሳትሄድ ዓመታት ተቆጠሩ።”

“ባለፈው ወር ባሕር ዳር ሄጄ ጨርቅ ገዝቼ መጥቻለሁ” አለች የሻረግ።

“ለመዝናናት ማለቴ ነው እንጂ።”

ንግግሩ ቀጠለ። መሥሪያ ቤቱ በጥቅምት ለልምድ ልውውጥ ሐዋሳ ልኮት ነበር። ምን ዓይነት ልምድ እንደተለዋወጡ እስካሁን ለማንም ባይናገርም፣ እዚያ ሐይቁ ላይ በጀልባ መዞሩን ያልሰማ ዘመድ አልነበረም። እና ነፋሱ ፊቱን ሲዳብሰው፣ ወፎቹ በራሱ ላይ ሲያልፉ፣ ማን ትዝ አለችው? እህቱ። እዚያው ጀልባው ላይ እንዳለ አቅጣጫ አስቀመጠ፤ ቤተሰቡ በሙሉ የሻረግን ይዞ ጣና ላይ በጀልባ ይጓዛል።

እናታቸው እማማ ሸጋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። የየሻረግ ባል ይሄነው፣ ገበያው አጠገብ እህል የሚነግደው ዝምተኛ ሰው፣ ከንፈሩን መጠጠ። ልጇ ሀይማኖት ብቻ ከስልኳ ቀና ብላ “እማዬን ጠይቃችኋታል ግን?” አለች።

“ያልታሰበ ደስታ እኮ ነው” አላት አጎቷ። “ያልታሰበ ደስታ ከተጠየቀማ ታሰበ ማለት ነው።”

የሻረግ አርባ ዓመት ያለፋት ልብስ ሰፊ ናት። ከአዘና ገበያ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገልብጦ አከርካሪዋ ከተጎዳ ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ከሆስፒታል በወጣች ሰሞን ሰው ሁሉ “እንግዲህ አርፈሽ መቀመጥ ነው” ሲላት፣ የስፌት መኪናዋን ፔዳል አስፈትታ ሞተር አስገጠመች፤ መርገጫውንም ጠረጴዛው ላይ አድርጋ በክርኗ እየተጫነች መስፋት ጀመረች። የዳንግላ ተማሪ ከሚለብሰው ዩኒፎርም ብዙው ከእሷ እጅ የወጣ ነው። ቤተሰቡ ግን ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ የማድረግ ልማዱን አልተወም፤ አጠገቡ ሕፃን የተኛ ይመስል።

“ጀልባው ላይ እንዴት ነው የምወጣው?” ብላ ጠየቀች።

“እሱን ለእኛ ተይው።”

“መጸዳጃስ አለው?”

“እታለም” አለ ምንይችል በትዕግሥት፣ “አንች ዝም ብለሽ ተዝናኝ።”

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ምንይችል፣ የምግብ ኃላፊዋ ሀይማኖት፣ የሸክም ኃላፊው ይሄነው ሆኑ። የጸሎቱን ክፍል እማማ ሸጋ ማንም ሳይመርጣቸው ያዙት። ለየሻረግ ምንም አልተሰጣትም፤ እሷ የክብር እንግዳ ናት።

ኮሚቴው የመጀመሪያ ችግር የገጠመው በዊልቸሩ ጉዳይ ነበር። ምንይችል ይቅር አለ። ቦታ ይይዛል፤ እሷን እንደሆነ እየተፈራረቁ ይሸከሟታል።

“እግሬ እኮ ነው” አለች። “አንተ እግርህን ቤት ትተህ ልትሄድ ነው?”

“እኛ አለንልሽ አይደል?”

“እሱ ካልሄደ አልሄድም።”

ምንይችል ወደ ይሄነው ዞሮ “አስረዳት እንጂ!” አለው። ይሄነው ግን ሚስቱን ስለሚያውቃት ዊልቸሩን ጣሪያ ላይ የሚያስርበት ገመድ ሊፈልግ ተነሣ።

ረቡዕ ጠዋት በኪራይ ሚኒባስ መንገድ ጀመሩ። ጣሪያው ላይ ዊልቸሩ ታስሯል፤ አጠገቡ ደግሞ፣ ድንገት የሻረግን ከደከማት ጀልባው ውስጥ ጋደም ትልበታለች ተብሎ፣ የስፖንጅ ፍራሽ ተጠቅልሎ ተጭኗል። የሻረግ ከመነሣቷ በፊት የቀረበላትን ሻይ አልነካችውም። መንገድ የምትሄድ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ የሚጠጣ ነገር አትቀምስም፤ ዊልቸር የሚያስገባ መጸዳጃ መንገድ ላይ እንደማይገኝ ታውቃለች። ይሄንን ለኮሚቴው አልነገረችም፤ ኮሚቴውም አልጠየቃትም።

የፊተኛው ወንበር መጀመሪያ “እንድታይበት” ተብሎ ለእሷ ተሰጥቶ ነበር። ዱርቤቴ ሲደርሱ ግን ምንይችል ሾፌሩን መንገድ ማሳየት ስላለበት እሷን ተሸክመው ወደ መካከለኛው ወንበር አዛወሯት። ሾፌሩ በዚያ መንገድ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ነው። እስከ ባሕር ዳር ድረስ “ቀጥ በል” ሲባል “እሺ” እያለ ቀጥ አለ።

ባሕር ዳር፣ ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት የሲሚንቶ መድረክ ላይ፣ ምንይችል በስልክ የተነጋገረው የጀልባ ነጂ ሽባባው ይጠብቃቸው ነበር። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ኮፍያው በፀሐይ የነጣ፣ እንቅልፍ የሚወድ የሚመስል ሰው ነው። የሻረግን አየና ወደ ይሄነው ዞሮ “መቀመጥ ትችላለች?” ሲል ጠየቀ።

“ከጠዋት ጀምሮ ምን እየሠራሁ ይመስልሃል?” አለችው የሻረግ።

ሽባባው ኮፍያውን አወለቀ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“በሉ፣ ሁላችንም በአንድ ላይ!” አለ ምንይችል እጁን እያጨበጨበ። “ሦስት ስል ነው።” ዊልቸሩን ከነየሻረግ በአንድ ወገን ይሄነው፣ በሌላው ወገን ሾፌሩ፣ ከኋላ ደግሞ ምንይችል ራሱ ያዙት። መቁጠር ተጀመረ። ይሄነው “ሁለት” ሲባል አነሣ። ሾፌሩ “ሦስት” ሲባል አነሣ። ምንይችል በቆጠራው ተጠምዶ ጭራሽ ማንሣቱን ረሳው። ዊልቸሩ ወደ ውሃው ዘመመ፤ እማማ ሸጋ የቅዱሳኑን ስም በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ጠሩ፤ ምንይችል ሚዛኑን ሊጠብቅ አንድ እግሩን ከነጫማው ሐይቁ ውስጥ ነከረ።

የሻረግ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። “ልቀቁኝ!” አለች። “ሁላችሁም ልቀቁኝ! አስቀምጡኝ!”

ለቀቋት።

“አሁን ያንን መድረኩ ላይ የተጋደመውን ሳንቃ አምጡ። አንዱን ጫፍ እዚህ፣ አንዱን እዚያ። ወንበሬን ወደ ኋላ አዙሩት። ይሄነው፣ አንተ ብቻ ያዘኝ፤ ሌላ ሰው አይንካኝ።” ይሄነው ከኋላ ይዞ ወደ ኋላ እያስኬደ፣ እሷም ጎማውን በእጇ እያገዘች፣ ሳንቃው ላይ ወጥተው ጀልባው ውስጥ ገቡ።

ምንይችል ከጫማው ውሃ እያፈሰሰ “አያችሁ” አለ፣ “ተባብረን ከሠራን የማንወጣው ነገር የለም።”

ጀልባው ተነሣ። ባለ ጣሪያ ነው፤ ግራና ቀኙን አግዳሚ ወንበር አለው፤ የሻረግ መካከሉ ላይ ፍሬኗን ይዛ ተቀመጠች። ከተማው ወደ ኋላ ቀርቶ ውሃው ሲሰፋ ነፋስ መጣ፤ ጀልባዋም ትወዛወዝ ጀመር። ምንይችል ሊያስረዳ ቆሞ ነበርና ሀይማኖት ጭን ላይ ወደቀ። እንደገና ቆመ፤ አሁን ደግሞ ምሰሶውን አቀፈ። ይሄነው ፎቶ ሊያነሣ ተነሥቶ ወዲያው ተቀመጠ። የሻረግ ይሄን ሁሉ ስታይ ቆየችና ቀስ እያለ ገባት፤ እዚህ ውሃ ላይ ሁሉም ሰው ተቀምጦ ነው የሚሄደው። እንዲያውም ከሁሉም ተደላድላ የተቀመጠችው እሷ ናት።

ብዙም ሳይቆይ ምንይችል መናገሩን አቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ። ሐዋሳ ማዕበል አልነበረም መሰለኝ፤ ምን እንደ ነካው ራሱም አላወቀም።

“ደከመህ እንዴ?” አለችው የሻረግ።

“ኧረ ምንም አልሆንሁም።”

“ፍራሹ እኮ አለ።”

ትንሽ ታገለ፤ ከዚያ ለእሷ በመጣው ፍራሽ ላይ ተጋደመና ገዳሙ ያለበት ዘጌ እስኪደርሱ ዓይኑን አልገለጠም።

ዘጌ ሲደርሱ ምድር ስለ ረገጠ ነፍሱ ተመለሰችለትና ወዲያው ሰብሳቢነቱን ተረከበ። ከጀልባው ማቆሚያ ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ በቡና ዛፎች መሐል የሚወጣ ድንጋያማ ዳገት ነው። ሁሉም ዳገቱን አዩ፤ ቀጥሎ ዊልቸሩን አዩ፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ።

“እንሸከማታለን” አለ ይሄነው።

“ይሄን ሁሉ ዳገት?” አለ ምንይችል። “እሷም ትጎዳለች። እታለም፣ ምን መሰለሽ፣ አንች እዚሁ ጀልባው ላይ ጥላው ሥር አየር እየወሰድሽ ብትጠብቂን ይሻላል። እኛ ቶሎ ደርሰን እንመጣለን።”

“የእናቴ ጉልበትስ?”

“እኔማ ከበረከቱ ቦታ ደርሼ አልመለስም” አሉ እማማ ሸጋ፣ ዱላቸውን ይዘው ከወዲሁ ዳገቱን ጀምረው።

“እኔ ከእማዬ ጋር እቀራለሁ” አለች ሀይማኖት። የሻረግ ግን “ሂጂ፣ እይና ትነግሪኛለሽ” ብላ ሰደደቻት። ይሄነው ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየ። ምንይችል ከመሄዱ በፊት የሁሉንም ቦርሳ፣ ጃኬት፣ የምግቡን ዘንቢልና የውሃውን ካርቶን በየሻረግ ዙሪያ ደረደረው። “ዕቃውን እያየሽ” አላት። “እንኳንም ሰው ቀረ፤ ዕቃውን ማን ይጠብቅልን ነበር?”

እነሱም በዛፎቹ መሐል ጠፉ።

የክብር እንግዳዋ ከዕቃ ክምር መሐል ተቀምጣ ለተወሰነ ጊዜ ውሃውን አየች። አልተናደደችም ማለት ውሸት ነው። ነገር ግን ንዴቷ የቆየ፣ የለመደችው ንዴት ነበር፤ ሰርግ ላይ በር አጠገብ ሲያስቀምጧት፣ ሐኪም እሷን ትቶ ይሄነውን “የት ያማታል?” ብሎ ሲጠይቀው የሚመጣው ዓይነት። ሽባባው የጀልባው አፍንጫ ላይ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ ሊተኛ ሲመቻች አየችው።

“ሰዎቹ ሲወጡ አንተ ሁልጊዜ ትተኛለህ?”

“ሌላ ምን ሥራ አለ?”

“ብዙ ይቆያሉ?”

“እንደ ሰዉ ነው” አለ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ። “በዕድሜ የገፋ ሰው ካለ ይቆያሉ። ፎቶ የሚወድ ሰው ካለ ደግሞ ይብሳል።”

“ሁለቱም አሉን።”

ሽባባው ሳቀ። የሻረግም “ጉማሬ የሚታየው በየት በኩል ነው?” አለችው።

“አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ነው። ግን እኛ የተነጋገርነው ዘጌ ደርሶ መልስ ብቻ ነው።”

“ከማን ጋር ነው የተነጋገርኸው?”

“ከወንድምዎ ጋር ነዋ።”

“ጉዞው የማን ነው አለህ?”

“‘የእህቴ ነው፤ ደስ እንዲላት የማናደርገው ነገር የለም’ ብለውኛል።”

“እህቱ እኔ ነኝ።”

ሽባባው ወደ ዳገቱ ተመለከተ። ማንም አይታይም። “ወርደው ቢያጡንስ?” አለ።

“አየር እየወሰዱ ይጠብቁናል” አለች የሻረግ። “የነዳጁን እኔ እችላለሁ። ተነሥ።”

ሞተሩ ሲነሣ ከዛፎቹ ላይ ወፎች ብር ብለው ተነሡ። ከባሕረ ገብ ምድሩ ራቅ እንዳሉ የሻረግ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ አንገቷ ላይ ጠመጠመች። ከውሃው ካርቶን አንድ ጠርሙስ አውጥታ የመጣው ይምጣ ብላ ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው። ቀጥላ ዘንቢሉን ከፈተች። ሀይማኖት ሥራዋን አሳምራ ሠርታለች፤ ከበዓሉ የተረፈ የዶሮ ወጥ፣ እንቁላል፣ ድፎ ዳቦ፣ አይብ። የሻረግ ለሽባባው ቆርሳ ሰጠችው፤ ለራሷም አነሣች፤ እሱም አንድ እጁ መሪ ላይ፣ አንድ እጁ ዳቦ ላይ ሆኖ የልጆቹን ነገር አጫወታት። ስለ እግሯ አልጠየቃትም። ከጀልባው ሌላ ምን ትሠራለህ ስትለው ምን እንደሚሠራ ነገራት፤ ምን ይሠራሉ ሲላት እሷም ነገረችው፤ የትልቁ ልጁ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ቶሎ ቶሎ እየተቀደደ እንዳስቸገረው ሲነግራት ከውስጥ እንዴት ደርቦ እንደሚሰፋ አስረዳችው።

“መሪውን ልያዘው?” አለች ድንገት።

ሽባባው አየት አደረጋት። መጀመሪያ መሪውን፣ ቀጥሎ የእሷን ክንዶች ተመለከተ፤ ጎማ መግፋትና ጥቅል ጨርቅ ማንሣት ያፈረጠማቸው ክንዶች ናቸው። ከነወንበሯ አስጠጋትና ቦታውን ለቀቀላት።

መጀመሪያ ጀልባዋ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ሄደች። “ቀስ ብለው ነው፤ ቶሎ አይመልሱት፣ ዘግይታ ነው የምትታዘዘው” አላት። ጥቂት ቆይቶ መንገዱ ቀና። የሻረግ ከአደጋው ወዲህ ራቅ ያለ ቦታ ስትሄድ ሁልጊዜ ከኋላዋ የሚገፋ ሰው አለ፤ ፊቱን አታየውም፤ የሚፈጥነውም የሚቆመውም እሱ ነው፤ መንገድ ላይ የሚያውቀው ሰው ካገኘ እሷን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሰላም ይባባላል። አሁን ከኋላዋ ነጭ አረፋ ብቻ ነበር። ነፋሱ ፊቷን ሲዳብሳት ዓይኗን ጨፈነች፤ ወዲያው ግን መሪ መያዟ ትዝ ብሏት ገለጠች።

አባይ በሚወጣበት በኩል፣ ከደንገሉ ጥግ፣ ሞተሩን አጠፉት። ጉማሬዎቹ መጀመሪያ ድንጋይ መሰሏት። ከዚያ አንዱ ድንጋይ ጆሮውን አወናጨፈ። ሌላው ቀና ብሎ አፉን በሰፊው ከፈተ፤ ከፍቶም ቆየ፤ ምንም ሳይናገርም መልሶ ዘጋው።

“ይኼስ ከወንድሜ ይሻላል” አለች የሻረግ፤ ሁለቱም ጀልባዋ እስክትነቃነቅ ሳቁ።

በዚያን ጊዜ ቤተሰቡ ዘጌ ላይ ከዳገቱ ወርዶ ነበር። ጀልባ የለም። ምንይችል መጀመሪያ ቦታ የተሳሳቱ መስሎት ሁሉንም ወደ ግራ ወሰዳቸው፤ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ወሰዳቸው። ከዚያ ስልኩን አወጣ። የየሻረግ ስልክ አይሠራም፤ የሽባባው አይሠራም፤ እነሱ ያሉበት ዳርቻ ኔትወርክ የለም።

“ዘርፏት ነው!” አለ። “እኔ ገና ሳየው ፊቱ ደስ አላለኝም።”

“ምኗን ነው የሚዘርፋት?” አለች ሀይማኖት።

“ዕቃውን! ዕቃው በሙሉ እሷ ጋ ነው።”

ይሄነው ከውሃው ጫፍ ሄዶ ቆመ። ጫማው እየራሰ መሆኑን አላወቀም። መንገዱ ዳር ከእንጨት የተቀረጹ ጥቃቅን ዕቃዎች የምትሸጥ ሴት ሁካታውን ሰምታ መጣች።

“ማን ጠፍቶባችሁ ነው?”

“እህቴ” አለ ምንይችል። “መራመድ የማትችል ናት። ዊልቸር ላይ ነው ያለችው። እዚህ አስቀምጠናት ነበር።”

ሴትዮዋ ጉዳዩን በጥሞና አሰበችበት። “እናንተ መራመድ ትችላላችሁ?”

“አዎ።”

“እና እሷ ጥላችሁ ሄደች?”

እማማ ሸጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ሲያሹ ነበር። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅሱ መስሎት ይሄነው “እማማ፣ አይዞዎት፣ ትመጣለች” እያለ ሮጦ መጣ። እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። “ልጄ ናታ!” አሉ። “ገና በልጅነቷ እኮ ገበያ ስንወስዳት ጠፍታ ነው የምትውለው።”

ረሃብ መጣ። ውሃ ጥም መጣ። ሀይማኖት ሴትዮዋ ለምሳዋ ከያዘችው ሙዝ ለመነች። ምንይችል ሙዙን እየበላ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ አወጣ፤ ግን ለዕቅዱ ጀልባ ያስፈልግ ነበር።

ሞተር ሲሰማ ሁሉም ተነሡ። ጀልባዋ በባሕረ ገብ ምድሩ ጎን ዞራ መጣች። መሪውን የያዘችው የሻረግ ናት፤ ፀጉሯ በነፋስ ተበትኗል፤ ፊቷ በውሃ ፍንጣሪ ወዝቷል። ማቆሚያው አጠገብ ስትደርስ መሪውን ለሽባባው ሰጠችው።

“የት ነበርሽ?!” አለ ምንይችል ድምፁ እየተቆራረጠ። “ተጨነቅን እኮ! ሞተን ነበር!”

“ምን ያስጨንቃችኋል? ዕቃው ሁሉ ደህና ነው።”

“ሳትነግሪን! ማንንም ሳታስፈቅጂ!”

“ያልታሰበ ደስታ ነው” አለች የሻረግ።

ሀይማኖት ፊቷን ወደ ቡናው ዛፍ አዞረች፤ ጀርባዋ ብቻ ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር። ምንይችል አፉን በሰፊው ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ሽባባው ይሄን ሲያይ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሞተሩን የሚያስተካክል መስሎ አጎነበሰ። “ይሄ ነገር ግምገማ ያስፈልገዋል” አለ በመጨረሻ ምንይችል፤ ይሁንና የምግቡ ዘንቢል ዓይኑን ስቦት ግምገማው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ዘንቢሉ ውስጥ ከዶሮው የቀረው ክንፉና አንገቱ ነበር።

ጀልባው ጉዞ ሲጀምር ምንይችል ማንም ሳይነግረው ፍራሹ ላይ ተጋደመ። ይሄነው መጥቶ ከሚስቱ ጎን፣ ወለሉ ላይ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። ሲቆጣ እንዲህ ነው ዝም የሚለው፤ ሲደነግጥም እንዲሁ ነው። የሻረግ የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻለችም።

“ተቆጣህ?” አለችው ቀስ ብላ።

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ውሃውን እያየ “ምን ምን አየሽ?” አላት።

የሻረግ ነገረችው። ስለ ጉማሬዎቹ፣ ደረቅ ደንገል ስለ ጫነ ታንኳ፣ መሪው እጅ ላይ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ። እማማ ሸጋ ጆሯቸውን አቅንተው ሲሰሙ ቆዩና ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ። “እኔስ ምን በወጣኝ ይቀርብኛል? በዚያው በኩል አሳልፉኝ!” ሽባባው የሻረግን ተመለከተ። የሻረግም “በዚያ በኩል” አለችው። ፍራሹ ላይ የተኛው ሰብሳቢ ሐሳብ የመስጠት አቅም አልነበረውም።

በሳምንቱ ምንይችል ፌስቡክ ላይ ፎቶ ለጠፈ። ገዳሙ በር ላይ የተነሡት ነው፤ እሱ መሐል ላይ ደረቱን ነፍቶ፣ እማማ ሸጋ በቀኙ፣ ይሄነውና ሀይማኖት በግራው። ከሥሩ “ለውድ እህቴ ያዘጋጀሁት የመዝናኛ ጉዞ በስኬት ተጠናቀቀ” ብሎ ጽፏል። ብዙ ሰው “እግዜር ይባርክህ”፣ “እንዳንተ ያለ ወንድም ይብዛ” አለው። አንድ የሥራ ባልደረባው ብቻ “እህትህ የትኛዋ ናት?” ብሎ ጠይቆ ነበር፤ መልስ አላገኘም። ሀይማኖት ስልኳን ይዛ ስፌት ቤት መጥታ አሳየቻት። የሻረግ አፏ ውስጥ የያዘችውን መርፌ አውጥታ ፎቶውን አጥብቃ አየችው።

“እናቴ አምሮባታል” አለች። “ላይክ አድርጊልኝ።”

መሥሪያ ቤቱም ዝም አላለም። ምንይችል በአንድ ስብሰባ ላይ ስለ አካል ጉዳተኞች ተሳትፎ ከራሱ ቤተሰብ ልምድ ተነሥቶ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ በጣም ተጨበጨበለት። ስብሰባው የተካሄደው ፎቅ ላይ ነበር፤ የሻረግ እንድትገኝ ብትጠራም ደረጃውን አይታ ከምድር ቤት ተመለሰች። መመለሷን የነገሩት ከጭብጨባው በኋላ ነው።

ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ ይሄነው መጋዘኑን ዘግቶ ወደ ስፌት ቤት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ እጁን ሲያሻሽ ቆየ።

“ነገ ምን ሥራ አለሽ?”

“ምንም። የት ልትወስደኝ ነው?”

“እኔ እንጃ” አለ። “አንች ንገሪኝ።”

የሻረግ ሞተሩን አጠፋች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለምዳ አታውቅም። ተራራ አሰበች፤ ከተማ አሰበች።

“ጫግኒ ማንጎው ደርሷል ይላሉ” አለች።

ዊልቸሩን አሳፍረው ለማንም ሳይናገሩ ሄዱ። ጫግኒ ሲገቡ ዝናብ ወረደ፤ የተሳፈሩበት ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ጎማው ተሽከረከረ እንጂ አልወጣም። ሾፌሩ እርዳታ ሊፈልግ ሄደ። ሁለቱ ባጃጁ ውስጥ፣ ላስቲኩ ላይ ዝናቡ እየተንጣጣ፣ ጭናቸው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ከተማው መግቢያ ላይ የገዙትን ማንጎ በሉ። ቢላዋ ስላልያዙ በጥርሳቸው ነበር የሚልጡት። ጭማቂው እስከ ክርናቸው ወረደ። የይሄነው አገጭ ላይ የቀረውን ልትጠርግለት ስትሞክር ይባስ አዳረሰችው፤ እሱም “ተይው፣ ዝናቡ ያጥበዋል” ብሎ ሌላ አንድ ማንጎ መረጠላት።